መስመር ስጡን ያለችው ሴት

እውነተኛ ስሟን ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነው። ለቀረነው ደወል ናት። ስሙን ያወጣላት የበር ጥበቃው ነው። ብስክሌቷ ኮርቻው በጨርቅ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ሰንሰለቱ ሲዞር የሚያቃስት አሮጌ ነገር ነው፤ ደወሉ ከተነቀለ ቆይቷል። አስገጥሚ ስትባል "ለምኔ? አፍ አለኝ አይደል?" ትላለች። አፍስ አላት። ቁልቁለቱን ስትወርድ "መጣሁ! መጣሁ! ዞር በሉ፣ ፍሬኑን አሞታል!" እያለች ስለምትጮህ፣ እሷ ከመታየቷ በፊት ድምጿ በሩ ላይ ይደርሳል። ጥበቃው ይሰማና "ደወል ተደወለ፣ ግቡ!" ይለናል። አንድ ሰሞን ሳቅንበት፣ ከዚያ ስሟ ሆኖ ቀረ። ወጣቶቹ እትዬ ደወል ይሏታል፤ እኔ እኩያዋ ስለሆንኩ ደወል እላታለሁ።

ሸሚዝ የሚሰፋበት ፋብሪካ ነው። እኔ ኮሌታ ሰፍቼ አሳልፍላታለሁ፣ እሷ እጅጌ ትገጥማለች። ወሬዋ ግን እጅጌ ቀርቶ እጅ እግር የሌለው ቀን አለ፤ ከአማቿ ጀምራ በጨረቃ ላይ ትጨርሳለች፣ መሐል ላይ የሆነውን የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ሥራው አብሯት ይቀልላል። ተቆጣጣሪያችን ዝም በይ ብሏት ዝም ያለችበትን ጊዜ አላስታውስም።

ብስክሌቱ የባሏ ነበር። ዳቦ አከፋፋይ ነበር ባሏ፤ ከኋላ በታሰረ ቅርጫት ዳቦ ጭኖ ሱቅ ለሱቅ የሚያድል ጨዋ ሰው። በኩላሊት ታሞ ሲሞት የተዋት ልጅና ብስክሌት ብቻ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ብስክሌቱ ይሸጥ አለ። እሷ እራሴ እነዳዋለሁ ስትል የባሏ ወንድም ደነገጠ። "አንቺ ሴት፣ ትልቅ ሰው ሆነሽ በብስክሌት? ነውር እኮ ነው!" አላት። "ነውሩን እኔ ይዤው እሄዳለሁ፤ አንተ በአውቶቡስ ና" አለችው። አውቶቡሱ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሞልቶ ይመጣል፣ ሳይቆም ያልፋል፣ ፋብሪካው በሰዓቱ በሩን ይዘጋል።

በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ተማረች። ጉልበቷ ተገሽልጦ፣ ክርኗ አብጦ፣ ሕፃናት እየሳቁባት ተማረች። ከዚያ እኛን ታስተምር ጀመር። እሁድ እሁድ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች፣ "ወደ ፊት እዪ! መሬቱን አትዪው፣ መሬት የትም አይሄድም!" ትለናለች። እኔን ስታስተምረኝ አጥር ላይ ሰክቼው፣ አጥሩም እኔም ተያይዘን ወደቅን። ቢሆንም ተማርኩ። ከፋብሪካችን ሴቶች ብዙዎቻችን እግራችንን ፔዳል ላይ ያስቀመጠችልን እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን በአንድነት ስንወርድ ያየን ሰው ሠርግ ያለ ይመስለው ነበር።

ችግሩ ድልድዩ ነው። ሰፈራችን ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ፣ የጤና ኮሌጁ ሁሉ ወዲያ ማዶ። ያለው ድልድይ አንድ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ጠጠር የጫኑ ገልባጭ መኪናዎች ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበታል። ገልባጩ በጎንሽ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻውን ይገፋሻል። ስለዚህ ደወል ሕግ አወጣች፤ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደረስ ሁሉም ይወርዳል፣ ብስክሌቱን እየገፋ በእግረኛው ጥግ በሰልፍ ይሻገራል። "ድልድዩ ላይ ንግሥትም ብትሆኚ ትወርጃለሽ" ትል ነበር። አንዳንዴ በሰልፉ ምክንያት አርፍደን በሩ ተዘግቶብን እናውቃለን፣ ስድብም ጠጥተናል፣ ማንም ግን ድልድዩ ላይ አልሞተም። ሰው ይህን ቶሎ ይረሳል።

ነገሩ የከረረው ልጇ የጤና ኮሌጅ ስትገባ ነው። አዋላጅ ነርስ ልትሆን ነው የምትማረው። የሆስፒታል ልምምዱ ገና ሲነጋ ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ቢመጣ ተአምር ነው። ልጅቷ እንደ እናቷ ተናጋሪ አይደለችም፤ ረጋ ያለች፣ ሦስቴ አስባ አንዴ የምትናገር። እሷም በብስክሌት መሄድ ጀመረች። ደወል ያን ጊዜ ቀልዱ ቀነሰባት። "እኔ የኖርኩትን ኖሬያለሁ" አለችኝ አንድ ቀን፣ እጅጌውን እየገጠመች። "ያቺ ልጅ ግን በየቀኑ ከገልባጭ ጋር እየተጋፋች አትማርም። ብስክሌት የሚሄድበት፣ መኪና የማይገባበት፣ በድንጋይ የተከለለ መንገድ እስኪሠሩልን ድረስ እንቅልፍ አልሰጣቸውም።" አልሰጠቻቸውምም።

መንገዶች ቢሮ ተመላለሰች። ሁላችንንም አስፈርማ ማመልከቻ አስገባች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች፤ ነገ ነይ ተባለች፤ ይሄ እኛን አይመለከትም፣ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሂጂ ተባለች። ትራፊኮቹ መንገዶች ቢሮ ሂጂ አሏት። በጀት ተይዞለታል፣ ጥናት ላይ ነው የሚል መልስም ሰማች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እኔ ተስፋ ብቆርጥም እሷ አልቆረጠችም፤ ጸሐፊዋ ሳይቀር በስሟ መጥራት ጀመረች፣ ማለቴ ደወል ብላ።

በመጨረሻ ከተማው የነዋሪዎች ውይይት ጠራ። አዳራሹ ውስጥ ከሰፈሩም ከፋብሪካውም ሰው ሞላ። ከመድረኩ ላይ የተቀመጠው ወጣት ኢንጂነር ነው፤ ንጹህ ሸሚዝ፣ ንጹህ ጫማ፣ ለትልቅ ሰው የሚነሣ ጨዋ ልጅ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱን መጥላት ይቀለኝ ነበር። ደወል እጇን አወጣች፣ ተነሣች፣ ጀመረች። ስለ ገልባጩ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ድንጋይ ጠርዝ፣ ስለ ሟቹ ባሏ፣ ስለ አውቶቡሱ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ኢንጂነሩ ፈገግ ብሎ፣ "እናቴ፣ ገብቶኛል። እንዳልስተው በአንድ ቃል ይንገሩኝ፤ ምን እንሥራላችሁ?" አላት።

ደወል በአንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ትንሽ ተንተባተበች። ከዚያ፦

"መስመር!" አለች። "መስመር ስጡን!"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። በእኛ አፍ መስመር ማለት ሰው የሚሄድበት ነው፤ የአውቶቡስ መስመር እንላለን፣ ይሄ መስመር ወዴት ያወጣል እንላለን፣ ልጅ ሥራ ሲይዝ መስመር ያዘ እንላለን። ኢንጂነሩም እያጨበጨበ ቃሉን ጻፈ። ለሰሚው ግራ የሆነ ነገር አልነበረውም። ሁላችንም የገባን መሰለን።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ቀለም ቀቢዎች መጡ። ከቁልቁለቱ አፋፍ ጀምረው፣ ድልድዩን አቋርጠው፣ እስከ ፋብሪካው መታጠፊያ ድረስ ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ገባ ብለው ቢጫ መስመር አሰመሩ። ከመስመሩ እስከ ጠርዙ ያለው ስፋት የብስክሌት መሪ በጭንቅ ያስገባል። በየቦታው ብስክሌት ሥለውበታል፤ ሠዓሊው ብስክሌት ነድቶ አያውቅ እንደሆነ እንጃ፣ የሣለው መነጽር ነው የሚመስለው። ጥበቃው አይቶት "ለማያዩ ሹፌሮች መነጽር አደሉ" አለ። ስቀን ልንሞት ነበር።

ምረቃም ነበረው። ጥብጣብ ዘርግተው መቀሱን ለደወል ሰጧት፣ ፎቶ አነሷት። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ቢሮው ግድግዳ ላይ አለ ይሉኛል። ጥብጣቡን ከቆረጠች በኋላ ዙሪያዋን አየች፣ ኢንጂነሩን ጠጋ ብላ፣

"ልጄ ልበልህ አትቀየመኝ፤ ድንጋዩስ?" አለችው።

"የምን ድንጋይ እናቴ?"

"መከለያው ነዋ። መኪና እንዳይገባ።"

"መስመር ነው እኮ ያሉን እናቴ። ይኸው መስመር።" ይህን ሲል አልቀለደም፤ አላፌዘም። የተጠየቀውን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ፊት ነበረው። "ሌላው ደግሞ ቀስ በቀስ ይታያል" አለና እጇን ጨብጦ ሄደ።

ስንመለስ "ደወል፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ይሄ ቀለም ነው" አልኳት።

"ቀለምም ቢሆን የእኛ ቀለም ነው" አለች። "ሹፌር መስመር ያከብራል። ጅማሬው ይሄ ነው፣ አየሽ? ድንጋዩም ይመጣል።" ድምጿ ውስጥ የሰማሁትን አውቀዋለሁ። ያን ያህል ለፍቶ ያገኘው ነገር ባዶ እንዳይሆንበት የሚፈራ ሰው ድምጽ ነው። ማን ይጨክንባታል?

እና ያንን ሕጓን ሻረችው። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ፣ ልንወርድ ስንል፣ "አትውረዱ! ከእንግዲህ የራሳችን አለን!" ብላ ከፊት ሆና ገባች። ተከተልናት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቀን ደስ ይላል፤ ውሃው ከታች፣ እኛ ከላይ፣ እሷ ከፊት እየጮኸች።

ልጇ ግን ትወርድ ነበር። ሁላችንም እየነዳን ስናልፍ እሷ ብቻዋን በጥጉ ትገፋለች። ደወል ይህ ቆረቆራት። ሰው ሲያይ፣ እናቷ ያስመጣችውን ነገር ልጇ ሳታምነው! ታሾፍባት ጀመር። "እናትሽ ጥብጣብ የቆረጠችልሽ እንደ አሮጊት እንድትገፊ ነው?" ትላታለች። "ነይ እንጂ፣ አትፍሪ፣ ከኋላዬ ነይ።" ልጅቷ መጀመሪያ ፈገግ ብላ መግፋቷን ቀጠለች። ቀስ በቀስ ግን እናቷን ላለማሳፈር መንዳት ጀመረች። ከኋላዋ ነይ ብላታለችና ከኋላዋ።

መስመሩ ለምን እንደዋለ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ሚኒባሶቹ ወደዱት። ተሳፋሪ ለማውረድ ከመንገዱ ወጣ የሚሉበት ጥሩ ቦታ አገኙ፤ ድልድዩ ላይ ሳይቀር ይቆማሉ። ደወል መስኮት እያንኳኳች ትጣላለች። "እትዬ፣ ለአንድ ደቂቃ ነው" ይሏታል። ቢሮው ሄዳ ከሰሰች። ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት፤ ያ ጉዳይ ተጠናቋል፣ ተመርቋል አሏት።

ያን ዕለት ጠዋት ዝናብ አባርቶ ነበር፤ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ደወል እንደ ልማዷ ከፊት ናት፣ ልጇ ከኋላዋ፣ እኔ ከልጅቷ ጥቂት ርቄ። ደወል ካለፈች በኋላ አንድ ሚኒባስ ቀድሞኝ ገብቶ ከልጅቷ ፊት መስመሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ የምትሄድበት አጣች። ልትቆም ፍሬን ያዘች፣ ጎማው ተንሸራተተ፣ ሚኒባሱን ላለመምታት ወደ ግራ አለች። ገልባጩ ከኋላ እየመጣ ነበር። የኋላ ጎማው ነው ያገኛት።

እሷ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። ደወል ግን አልሰማችም። "መጣሁ! መጣሁ!" እያለች ድልድዩን ጨርሳ ወጣች። የገዛ ድምጿ የልጇን ድምጽ ሸፈነባት። ማዶ ደርሳ ዞር ስትል ነው ሰው ተሰብስቦ ያየችው። ስትሮጥ የመጣችበትን አመጣጥ ልጽፈው አልፈልግም።

ልጅቷ ተረፈች። ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ፣ እዚያው ልምምድ በምትሠራበት ሆስፒታል። አብረዋት የሚማሩት ልጆች ናቸው ቁስሏን ያጠቡት።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ለካ። ሚኒባሱ ተሳፋሪውን አውርዶ ከሄደ ቆይቷል። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ምልክት አየ፣ ቢጫውን አየ፣ ቀና አለ። "ከመስመሯ ወጥታ ነው" አለ።

"ምን አልክ?" አልኩት።

"ለብስክሌት መስመር አለ። እሷ ከመስመሯ ወጥታ የመኪና መስመር ውስጥ ገብታለች። ጥፋቱ የብስክሌት ነጂዋ ነው።"

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ፣ እስከ ዛሬም አልበረደም። ያ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ድልድዩ የሁሉም ነበር፤ የሚወጣበት መስመር ስላልነበረ ወጣች የሚባል ሰውም አልነበረም። እኛ የምንሄድበት ስጡን አልን፤ እነሱ ስንወጣ የምንከሰስበትን ሰጡን። ገልባጩን የሚነዳው ሰው ቃሉን ሰጥቶ ማታውን ቤቱ ገባ። እሱንም አልፈርድበትም፤ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።

ከዚያማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወር ሙሉ ተመላልሰን የማይመጡት የቢሮው ሰዎች በመኪና ተሰልፈው መጡ፣ ድልድዩን ለኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙም ሳይቆዩ ወሰኑ። ሚኒባስ እንዳይቆም? አይደለም። ገልባጭ በጠዋት እንዳይገባ? አይደለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ድልድዩ ላይ ብስክሌት ክልክል ሆነ። ተነድቶም ተገፍቶም። ክብ ምልክት በሁለቱም አፍ ተከሉ። ኢንጂነሩ ፋብሪካው ድረስ መጥቶ በትሕትና አስረዳን፤ "አደጋ አለው ብላችሁ ያመለከታችሁት እናንተው ናችሁ። አቤቱታችሁን ሰምተን ነው። ለእናንተው ደህንነት ነው" አለን። ቢጫውን ግን አላጠፉትም። ሚኒባሶቹ አሁን በሰላም ይቆሙበታል።

እኛም ወደ አውቶቡሱ ተመለስን። ሞልቶ ይመጣል፣ ሳይቆም ያልፋል። ባረፈደ ቁጥር ከሥራ የሚቀነስ ሰው አለ። ታዲያ ሴቶቹ በማን ተናደዱ? በቢሮው? በሚኒባሱ? በደወል! "አርፈን በገፋን ምን ነበረበት?" አሉ። "ምላሷ ነው ያመጣው። ዝም ብትል ማንም አያየንም ነበር።" እንዲህ የሚሉት ብስክሌት የያዘችላቸው፣ ሲወድቁ ያነሣቻቸው፣ ከነስማቸው የማውቃቸው ሴቶች ናቸው። እገዳው ይነሣ የሚል ማመልከቻ ይዛ በየስፌት መኪናው ስትዞር ዓይናቸውን መርፌው ላይ ተክለው አላየንሽም ይሏት ነበር። እኔ ፈርሜያለሁ። የሁለት ሰው ፊርማ ግን አቤቱታ አይባልም፤ ሁለት ሴቶች ተጣሉ ነው የሚባለው።

ደወል እጅጌ መግጠሟን አላቆመችም። ቢሮ መመላለሷንም አላቆመችም። ሌላ የነዋሪዎች ውይይት ሲጠራ ልትናገር ተመዘገበች። የዋዜማው ዕለት ከሥራ በኋላ ልጅቷን ልጠይቅ ቤታቸው ገባሁ። አንድ ክፍል ናት፣ በመጋረጃ የተከፈለች። አልጋውን መስኮቱ አጠገብ አስጠግተውላታል፤ ክራንቹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ልጅቷ ትራሱን ተደግፋ ጥፍሯን ትቆርጣለች። ደወል እየተንጎራደደች ነገ የምትለውን ትለማመዳለች።

"እንዲህ ነው የምላቸው" ትላለች። "እኔ ለራሴ አይደለም፣ ስለ ልጄ ነው። የልጄን እግር የበላ ድልድይ የሌላዋን ልጅ አይበላም፣ እላቸዋለሁ። ስለ ልጄ ብዬ..."

"እማዬ" አለች ልጅቷ።

"ወዬ የኔ ዓለም።"

"ነገ ስትሄጂ ስለ እኔ ነው አትበያቸው።"

ደወል ቆመች። "ምን?"

"ስለ ልጄ ብዬ ነው አትበይ። ከእንግዲህም አትበይ።" ልጅቷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ዓይኗንም ከጥፍር መቁረጫው አላነሣችም። "እኔ መስመር አልጠየቅኩሽም። እኔ በእግሬ ነበር የምሻገረው።"

የምገባበት ጠፋኝ። ደወል ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ አልተጠጋችም፣ አልሸሸችም። ሻይ ጠጡ ሳልባል ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ትቀራለች ብዬ ነበር፤ መጣች። አብሬያት ተቀመጥኩ። ተራዋ ደርሶ ስትነሣ ኢንጂነሩም ከመድረኩ ላይ ተነሣላት፤ ጨዋ ነው ብያለሁ። ደወል ከወትሮው አሳጥራ ተናገረች። እገዳው ይነሣ፣ ሚኒባስ አይቁም፣ መከለያ ይሠራ አለች፣ ጨረሰች። ኢንጂነሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

"እናቴ" አላት፣ "በልጅዎ የደረሰው ሁላችንንም አሳዝኖናል። ይሄን ሁሉ የሚደክሙትም ስለ እሷ ብለው እንደሆነ እናውቃለን።"

"ስለ እሷ አይደለም" አለች ደወል።

ሰው ዞር ዞር ብሎ አያት። ኢንጂነሩም ግራ ተጋባ። "ታዲያ ስለ ማን ነው እናቴ?"

ደወል ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

"እንዲያው ነው" አለች፣ ተቀመጠችም።

ከኋላችን አንዷ ሳቀች። ሰብሳቢው የሚቀጥለውን ተናጋሪ ጠራ። ስለ ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ አዳራሹም ያውቃል። ልጇ ግን አትበይ ብላታለች፤ አላለችም።